ሽማግሌ የሚቀድም ዋናተኛ ፍለጋ

በሁለት ሺህ ሰባት ዓ.ም. ስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያውም ግማሹን እያንጎላጀሁ። ጽሑፌ ቢጎረብጥ አንባቢ ይቻለው፤ የኢሉባቦርንም መንገድ ችለነው ኖረናል።

የምኖረው መቱ ነው። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነኝ። ጠዋት ጠዋት ሶር ወንዝ ወርጄ እዋኛለሁ። ወንጀሌ ይኸው ነው። ልጄ ጌታሁን አዲስ አበባ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል፤ ውሃ በፈረቃ ትመጣለታለች፣ እሷንም በጀሪካን ያጠራቅማታል። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ደወለልኝ።

«አባዬ፣ ብቻህን እየዋኘህ አንድ ቀን ወንዙ ይወስድሃል። ማን ያይሃል? ቤቱን እንሽጠውና እኔ ጋ ና።»

«ወንዝ ጥዬ ጀሪካን ልጠብቅ?» አልኩት።

ተናደደ። «ዋና ከወደድክ እንግዲያው እንደ ሰው ዋኝ! ዳኛ ያለው፣ ጀልባ ያለው፣ ሐኪም ያለው ውድድር አለ» ብሎ የዓለምን ታላላቅ የዋና ውድድሮች ከስልኩ ያነብልኝ ጀመር። ሊያሾፍብኝ ነው። አንደኛው ከእንግሊዝ ወደ ፈረንሳይ ነው፤ ባሕሩ ስለሚቀዘቅዝ ገላቸውን ስብ ይቀባሉ አለኝ። እኛ ዘንድ እንዲያ የሚቀባ ሙሽራ ነው። ሁለተኛው ቱርክ አገር ነው፤ ከአንዱ አህጉር ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ድልድይ የላቸውም ወይ ብዬ ጠየቅኩት፤ አላቸው አለኝ። ሦስተኛው አሜሪካ ነው፤ ደሴት ዞረው ተመልሰው ከተነሱበት ይወጣሉ። «ከተነሱበት ለመድረስ ምን አስነሳቸው?» አልኩት።

«አየህ፣ ሰበብ ነው የምትፈልገው።»

«የሩቁ ለሩቅ ሰው ይሁን። እኔ ከቅርቡ እመርጣለሁ።»

«ምረጥ! ከአንተ በዕድሜ የሚያንስ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ በውድድር ቅደም። ሁለተኛ የቤቱን ነገር አላነሳም። ካልቀደምክ ግን ለፋሲካ ዕቃህን ትጠቀልላለህ።»

«ቃል?»

«ቃል።»

በዚያ ዓመት እግዜር ሲረዳኝ በየወረዳው የዋና ውድድር ፈልቶ ነበር። አንድ ፕሮጀክት ለወጣቶች ቲሸርት ያድላል፤ ቲሸርት ካለ ደግሞ ውድድር አይጠፋም። ወዳጄ ኦቦ ቶሌራ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ረዳት፣ የአገሩን ወሬ ሁሉ ያውቃል። ቡሬ፣ ኡካና ዳሪሙ አለልህ አለኝ። እኔም አሰልጣኝህ ሆኜ እሄዳለሁ አለ። ቶሌራ ውሃ ከጉልበቱ በላይ ከደረሰ ቅዱሳንን የሚጠራ ሰው ነው።

ሐሙስ ተነሣን። ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ «ጋሼ፣ ጠጋ በሉ» ይለኛል። «ወዴት? ሹፌሩ ጭን ላይ?» እለዋለሁ። ቶሌራ ደግሞ የድሮ ሥራው ትዝ ብሎት በየፌርማታው «ሁለት ሰው ይገባል! ሦስት ሰው!» እያለ በገዛ እጁ ሰው አሳጨቀብን። ጎሬ ስንወርድ ግራ እግሬ የኔ መሆኑን ተጠራጥሬ ነበር።

ጎሬን ጭጋግ ውጧት ደረስን። ጎሬ ድሮ ትልቅ ከተማ ነበረች፤ ጠየቃችሁም አልጠየቃችሁ ይነግሯችኋል። ቆርቆሮዋ ዝጓል፣ ኩራቷ አልዛገም። መቱ ግን ትናንት የነበረችውን ስለማታስታውስ ኩራትም ዝገትም አያስቸግራትም። ያደርንበት ቤት አልጋ አንዱ እግሩ ድንጋይ ነበር። ቶሌራ ሲቀመጥ ድንጋዩ ሸሸ፣ ቶሌራም በጀርባው ሄደ። ባለቤቷ እትዬ አበበች ሮጣ መጣችና ስቃ ስቃ ስታበቃ የራሷን ፍራሽ አውጥታ መሬት ላይ አነጠፈችልን። ሽሮ ቀርቦ ነበር፤ የመጣንበትን ስትሰማ ሽሮውን አነሣችው።

«ለሚዋኝ ሰው ሽሮ ይከብዳል። ይሰምጣሉ» ብላ እንቁላል ጠብሳ አመጣች። የእንቁላሉን አልከፍልም ብዬ አይደለም፤ እሷ እምቢ አለች።

ዓርብ ቡሬ ገባን። ቡሬ ከመቱ ይልቅ ትሞቃለች፣ አቧራዋም ይብሳል፣ ሰውዋ ግን ፈጣን ነው፤ ከመኪና ሳልወርድ «ዋናተኛው ሽማግሌ መጣ!» ተባለ። ቶሌራ አስቀድሞ በስልክ አውርቷል። የወጣቶቹ ሊቀመንበር ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዙ ዳር ተሰበሰብን። ገመድ ዘርግተው ቢጫ ጀሪካን አስረውበታል። ጀሪካን እዚህም ተከተለኝ። ሊቀመንበሩ ንግግር አደረገ፤ ስለ ውሃ፣ ስለ ወጣት፣ ስለ ልማት፣ ደግሞ ስለ ውሃ። ጎረምሶቹ በጠዋት ብርድ በቁምጣ ቆመው ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። ኋላ ፊሽካው ተነፋ፣ ገባሁ።

ዋኘሁ። ከጎኔ ሰው የለም። ጎበዝ ነኝ ማለት ነው ብዬ ጨመርኩ። አሁንም ሰው የለም። ዞር ብዬ ባይ ሁሉም ከኋላዬ በሰልፍ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው እንደ ዳክዬ ጫጩት ይከተሉኛል። ቆምኩ፤ ቆሙ። በጀርባዬ ተኛሁ፤ እነሱም ባሉበት እየተንሳፈፉ ጠበቁኝ።

«ምን ሆናችሁ? ቅደሙኝ እንጂ!» ብዬ ጮኽኩ።

ከፊት ያለው ደነገጠ። «እንዴ ጋሼ! ሃንጋፋ ውሃ ውስጥ እያለ?»

ነገሩ የአገሩ ወግ ነው፤ እኔም አውቀዋለሁ፣ አድጌበታለሁ። ወንዝ ሲሻገሩ ሃንጋፋው፣ ማለት ታላቁ፣ ይቀድማል፤ ታናሽ ይከተላል። ግን ፊሽካ ተነፍቶ፣ ቁጥር ደረታቸው ላይ ተለጥፎ!

«ውድድር ነው እኮ!»

«አዎ ጋሼ፣ ቀስ ብለው ይሂዱ። እኛ አንቸኩልም።»

አንደኛ ወጣሁ። ሽልማቱ ጋቢ ነበር። ጋቢ! ለጎረምሳ ዋናተኛ ጋቢ የሚገዛ ማነው? ሽማግሌ ይመጣል ሲባል ገና ዓርብ ዕለት ገዝተውታል። ትከሻዬ ላይ አልብሰው አጨበጨቡ፤ ቶሌራ ደግሞ በስልኩ ፎቶ አነሣኝ።

«በቃ፣ ቤትህ ተረፈ!» አለኝ። «ለጌታሁን ልላክለት?»

«እንዳትነካው።»

«ጋቢ ለብሰህ፣ ከኋላህ አሥራ ምናምን ጎረምሳ ተሰልፎ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?»

«አልተሸነፉም እኮ። ሸኙኝ።»

«ታዲያ ልጅህ ምን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አልኩት። ቶሌራ ቀኑን ሙሉ አኮረፈኝ። እልከኛ ነህ ይለኛል፤ ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ሲል አዲስ ነገር የነገረኝ መስሎት።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቡሬ ፀጉር ቤት ገባሁ። ፀጉሩንም ጢሙንም ሙልጭ አድርግ አልኩት። ፀጉር አስተካካዩ ሐዘን አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለም፣ ውድድር አለ አልኩት። ሲጨርስ መስታወት ሰጠኝ፤ የተላጠ ዱባ አየሁ። «ሃምሳ ሁለት እመስላለሁ?» ብዬ ብጠይቀው «ከኋላ» አለኝ። ይበቃል። ዋናተኛ የሚታየው ከኋላ ነው።

ሰኞ ኡካ። ለኡካው ውድድር በጣም ተመክቶበት ነበር፤ ባነር ተሰቅሏል፣ ድምፅ ማጉያ ከመቱ ድረስ በኪራይ መጥቷል፣ ለእንግዶች ድንኳን ተጥሏል። ውሃው ብቻ ትንሽ ጎድሏል። ኩሬው ወገብ አይደርስም። ፊሽካ ሲነፋ ጎረምሶቹ ሁለት ክንድ ያህል ከዋኙ በኋላ አንዱ ተነሥቶ ቆመ፤ ቆሞም ሮጠ። ያን ጊዜ ሁሉም ሮጠ። አሸናፊው ቅልጥመ ረጅም ነው፤ ፀጉሩ አልራሰም። እኔ ብቻ ሆዴ ጭቃ እየታከከ ስዋኝ ዳር የቆመች ሴትዮ «ኧረ ያን ሰውዬ አንሡት፣ ወድቋል!» አለች። ሁለት ሰው ገብቶ አነሣኝ። መቱ በኩሬ አንወዳደርም፤ ቢያንስ ወንዛችን ሲያሰጥም የምር ያሰጥማል።

ግን የኡካን ሰው ደግነት አልረሳም። ጭቃዬን ያጠቡልኝ ሰውዬ ካላቸው ደረቅ ልብስ አንድ ሱሪ ሰጡኝ፣ ትኩስ የበቆሎ ቂጣ በማር አበሉን። «ለሚመጣው ዓመት ውሃም እናዘጋጃለን» አሉ። ከልባቸው ነው።

ማክሰኞ በመቱ በኩል ወደ ዳሪሙ ወጣን። መኪናው ቤቴ አጠገብ ሲያልፍ አጥሬን አየሁ፣ በረንዳዬን አየሁ፣ ሚስቴ የተከለችውን ማንጎ አየሁ። «ወርደህ እረፍ» አለኝ ቶሌራ። አልወረድኩም። ዳሪሙ የመጨረሻዬ ናት፤ እዚያ ካልሆነ ለፋሲካ ጀሪካን ነው። ልቤን ፈራሁት፤ አንዴ ቤት ከገባሁ ያንን ፎቶ ላክ የምለው መሰለኝ።

መኪናው እስከሚደርስበት ሄድን፣ ቀሪውን በእግር። ቶሌራ በየዳገቱ የአውቶቡስን ዘመን አመሰገነ። ወንዙ ዳር ያሉት ወጣቶች ስንት ዓመትዎ ነው ሲሉኝ ሃምሳ ሁለት አልኩ። አንዱ አንገቴን እያየ «ፀሐይ ጎድቶዎት ነው» አለ። ብቻ አመኑኝ። ሃምሳ ሁለት ጎልማሳ ነው፤ ጎልማሳ ይቀደማል። ተወዳዳሪዎቹ ባደሩበት ቤት እርጎና ጎደሬ በልተን አብረን ተኛን፤ እንደ እኩያ አንገላቱኝ፣ ደስ አለኝ።

ረቡዕ። ከላይ ካለው ትልቅ ሾላ ተነሥተን ውሃው ረጋ ባለበት በሰያፍ ወርደን ማዶ እንወጣለን። ፊሽካው ተነፋ። ወዲያው ሁለት ጎረምሶች በግራና በቀኝ አለፉኝ፣ አንዱ እንዲያውም በእግሩ አገጬን መታኝ። እግዜር ይስጠው! ውሃ እየጠጣሁ ሳቅሁ። ከኋላዬ ደግሞ ሌሎች ቀርተዋል፤ እነሱም ይንፈራገጣሉ፣ የእውነት ነው! አንዳቸውን ብቻ እንዲህ ከኋላዬ አስቀርቼ ብወጣ ቤቴ የኔ ነው።

ከዚያ ሁሉም ቆመ።

ቀና ብል ከፊታችን አንዲት ሴት ትሻገራለች። ቀሚሷን አሸርጣ፣ ማጭድና ቅርጫት በነጠላ አስራ አናቷ ላይ አድርጋ፣ በአንድ እጇ ጥቅሉን ይዛ በአንድ እጇ ትቀዝፋለች። የውድድሩ ሰው አይደለችም። ማዶ ያለ ቡናዋን ልትለቅም ነው። ጎረምሶቹ ግን ሴትዮዋን አይተው እንደ ቡሬዎቹ ተሰለፉ፤ እኔም ደርሼባቸው አለፍኳቸው። ቆሞ የሚጠብቅን ሰው ማለፍ ደግሞ መቅደም አይባልም። ሴትዮዋ አጠገብ ደረስኩ።

«አካም ልጄ፣ ጥድፊያው ወዴት ነው?» አለችኝ።

«ውድድር ነው፣ አዴ» አልኳት፤ እናቴ ማለቴ ነው።

«እኔ ቡናዬ ጋ ነው የምሄደው። ተከተለኝ።»

ላልፋት ስል ከኋላ «ኧረ ተው! እናት አትቀደምም!» የሚል ጩኸት መጣ፤ ከዳርም ሰው አጉረመረመ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው ብያቸዋለሁና፣ የሃምሳ ሁለት ዓመት ጎልማሳ አሮጊት ገፍቶ ሲያልፍ ነው የሚያዩኝ። ዕድሜዬን ቆርጬ በገዛ አፌ ታሰርኩ።

«ይቅርታ አዴ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«ስድሳ አንድ። ምነው?»

ውሃ አነቀኝ። ስምንት ዓመት እበልጣታለሁ! «እኔ ስድሳ ዘጠኝ ነኝ» አልኳት።

ጥቅሉን ደገፍ አድርጋ አየችኝ። «ጢምህስ?»

«ቡሬ ቀረ።»

«ታዲያ ለምን አዴ አዴ ትለኛለህ? ሃንጋፋው አንተ ነህ፣ እለፍ!» ብላ መቅዘፏን ተወች።

«አልፈልግም! አትጠብቂኝ! ቅደሚኝ!» ብዬ እየተንሳፈፍኩ፣ ትንፋሽ እያጠረኝ፣ የቤቱን፣ የልጄንና የቃሉን ነገር ነገርኳት። ጎረምሶቹ ከኋላ ቆመው ሽማግሌዎች ሲያወሩ እንደሚደረገው በትሕትና ይጠብቃሉ።

«ይኸ ልጅህ ዋና ይችላል?»

«የሚታጠበውም በጆግ ነው።»

«እሺ» አለች። «እቀድምሃለሁ። ኋላ እንዳታለቅስ።»

ሄደች። እኔም ያለኝን ሁሉ አወጣሁ፤ ሶር ላይ ጠዋት ጠዋት የማደርገውን፣ ድልድይ ባልነበረ ጊዜ ሰው ሳሻግር አደርግ የነበረውን፣ አሁን ክንዴ የማይችለውን ጭምር። አንዴ ጥቅሏ ጎን ደረስኩ። ሳቀችብኝና ጨመረች። ማዶ ስወጣ ቀሚሷን ጨምቃ ጨርሳ ነበር። ቅርጫቷ ላይ የውሃ ጠብታ የለም።

ዳኛው ግራ ገብቶት የሷን እጅ አነሣ። ቲሸርቱን ሰጧት፤ ፀሐይ ነው ብላ አናቷ ላይ ጠመጠመችው። ከማዶ ቶሌራ «ሁለተኛ! ሁለተኛ!» እያለ ይዘላል። ለእሱ ከሁሉ የከፋው ነገር ተሸንፌ እንኳ ፎቶውን አለመላኬ ነው። ያን ዕለት ቀኑን ሙሉ ስልኩን ከፊቴ ሲያገላብጥ ዋለ።

ሴትዮዋ ስሟ አዴ ድንቄ ነው። ቡናዋን ለቅማ አብረን ስንመለስ እኔንና ቶሌራን ቤቷ ወሰደችን። ቀኑ ረቡዕ ነው ብላ ጎመንና ቂጣ አቀረበች፤ የልጆቼ ክፍል ነው ብላ ቆዳ አነጠፈችልን። ባሏ ከሞተ ጀምሮ በየቀኑ ብቻዋን ትሻገራለች።

«የኔም ልጆች ተይ ይሉኛል» አለችን። «ቤት ሠርተንልሻል፣ መቱ ነይ ይላሉ። መቱ! እዚያ ምን ውሃ አለ?»

«ሶር አለ!» ብዬ ተነሣሁ።

«እየተጠማህ ነው እንዴ ሰባ ዓመት የኖርክባት?» አለችና ሣቀች። ከተማዬን እንዲህ ሲንቋት ሰምቼ አላውቅም ነበር። ጌታሁን ስለ ጀሪካኑ ስነግረው ምን እንደሚሰማው ያኔ ገባኝ፣ ግን አልነግረውም።

በማግስቱ ጠዋት ኔትወርክ ካለበት ጉብታ ወጥቼ ደወልኩለት።

«ተሸነፍኩ» አልኩት።

«በማን?»

«በሴት። ስምንት ዓመት ታንሰኛለች። ቅርጫት ተሸክማ ነበር።»

እስኪያስለው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ቆይቶ ድምፁ ተለወጠ። «አባዬ፣ ሴትዮዋ በየቀኑ ነው የምትሻገረው?»

«በየቀኑ።»

«ብቻዋን?»

«ብቻዋን።»

«እስክትቀድማት ድረስ እንግዲህ ቤቱ ይቆይ» አለኝ። «ግን ብቻህን አትግባ። እሷ ካለች ብቻ።»

ልጄ ሕጉን ገልብጦታል። ከቀደምኳት ነው ወይስ ካልቀደምኳት ነው ዕቃዬን የምጠቀልለው ብዬ አልጠየቅኩትም። ስልኩን ዘጋሁና ወደ ወንዙ ወረድኩ። አዴ ድንቄ ቀሚሷን እያሸረጠች ነበር። አየችኝ፤ ማጭዱንና ቅርጫቱን በነጠላ አሰረችና አናቴ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ዛሬ አንተ ያዝ» አለች፣ ገባች።

ጥቅሉን በአንድ እጄ ይዤ ተከተልኳት።